የተሻሻለ አይጥ

ሐሙስ የመመገቢያ ቀን ስለሆነ ኤልዳና ከዋዜማው አይጦቹን ከፍሪዘር አውጥታ ወደ ታችኛው መሳቢያ ታዛውራለች። በኮዬ ማማዎች ያሉ ፍሪጆች ሁሉ ይህ መሳቢያ አላቸው፤ ከላይ የሰው፣ ከታች የእባብ። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ አይጦቹ ለስለስ ብለው ይጠብቋታል። በፌስታል ቋጥራ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ትነክራቸዋለች። ውሃው መፍላት የለበትም፤ ከፈላ ቆዳው ይላጣል። ማይክሮዌቭማ አይታሰብም። አንድ ጎረቤት ቸኩሎ ሞክሮት ነበር። የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ ደጋግመው ቀለም ቢቀቡትም፣ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ የዚያን ክፍል መብራት አያበሩም።

ከሳፋው ስታወጣቸው የእያንዳንዱን ሆድ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። ውስጡ ገና በረዶ ከሆነ ይጎረብጣል፤ እንደገና ይነከራል። ቀጥሎ በፎጣ ታደርቃቸዋለች። ፎጣው ማንም ተሳስቶ ፊቱን እንዳይጠርግበት ጥቁር ነው። በመጨረሻ ጭንቅላታቸውን በፀጉር ማድረቂያ ታሞቃለች፤ እባብ አደኑን የሚለየው በሙቀቱ ነውና ያልሞቀ አይጥ ለእሱ ከጠጠር አይለይም። ከዚያ ረጅሙን መቆንጠጫ ይዛ፣ አይጡን ከወገቡ ላይ ቆንጥጣ፣ በሕይወት ያለ እንዲመስል ወዲያ ወዲህ ታወዛውዘዋለች። ኤልዳና የተመረቀችው በሕዝብ አስተዳደር ነው።

እባቧ ትህትና ትባላለች። ስም ያወጡላት የኤልዳና እናት እማማ ሶልያና ናቸው። ደንቡ እባብ በቤቱ ኃላፊ ስም ይመዝገብ ስለሚል ሙሉ ስሟ ትህትና ኤልዳና ነው። ኤልዳና ልጅ አልወለደችምና፣ በመንግሥት መዝገብ የእማማ ሶልያና ብቸኛ የልጅ ልጅ ትህትና ናት። እማማ በዚህ አይከፉም። «ከሌሎች የልጅ ልጆች በምን ታንሳለች?» ይላሉ። «ስልክ አትነካካም፣ ድምጿን አታሰማም፣ ገና ለገና አረጀሽ ብላ አትንቀኝም።»

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ማማዎቹ በተሠሩበት ዘመን ነው። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ አይጥም አብሮ ወጣ። በቧንቧው፣ በቆሻሻ መጣያው፣ በኤሌክትሪክ ገመዱ ሽቅብ ተሳበ። መርዙን ለመደው። ድመቶች ተሞከሩ፤ ድመቶቹ ግን ከአይጡ ጋር ተግባብተው መኖር ጀመሩ። በመጨረሻ ከተማው የእባብና ነዋሪ አብሮነት ጽሕፈት ቤት የሚባል አቋቁሞ ለየቤቱ አንድ አንድ ዘንዶ አደለ። አይጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። የጽሕፈት ቤቱ ሥራም አብሮ አለቀ፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን አላለቀም። ሕንፃ ነበረው፣ መኪኖች ነበሩት፣ ነጭ ኮፍያ ተደርጎ የሚከበር ዓመታዊ በዓል ነበረው። ስለዚህ አይጥ የጨረሱት እባቦች እንዳይራቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቅ የአይጥ ማርቢያ ተከፈተ። ጉዳዩ በአራተኛ ክፍል መጽሐፍ «ዘላቂነት» በሚለው ምዕራፍ ሥር በሥዕል ተብራርቷል። በመጽሐፍ የገባ ነገር ስለሆነ ማንም አይስቅበትም።

እባቡ የከሳ ቤተሰብ ሊፍት አይጠቀምም። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ ቅጣት የሚለውን ቃል መጠቀም ካቆመ ቆይቷል። «የእንቅስቃሴ ማበረታቻ» ይባላል። እናትና ልጅ የሚኖሩት አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እማማ ሶልያና ሰኞና ዓርብ የኩላሊት እጥበት አላቸው። ጉልበታቸው ከአልጋ እስከ ሳሎን ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሊፍቱ ሥራ ነበር።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ጽሕፈት ቤቱ ለሙከራ በኮዬ «የተሻሻለ አይጥ» ማከፋፈል ጀመረ። ምኑ እንደተሻሻለ አልተነገረም። ኤልዳና ፌስታሉን ስትፈታ አይጦቹ ሁሉ አንድ ልክ፣ አንድ ዓይነት ጢም ያላቸው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሆነው አገኘቻቸው። ሆዳቸው ወዲያው ለሰለሰ። ጭንቅላታቸውን ስታሞቅ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ጾም ላይ ነበረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ከማድረቂያው ሥር የወጣው ሽታ አፍንጫዋን ሲመታው አፏ ምራቅ ሞላ። ደነገጠች። ማድረቂያውን አጥፍታ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ለማንም አልተናገረችም። የሞተ አይጥ አስጎመጀኝ ተብሎ የሚነገርለት ሰው የለም።

ትህትና ግን አልጎመጀችም። ወደ መቆንጠጫው ቀና አለች፤ ምላሷን አንዴ አወጣችና ፊቷን አዙራ ተጠቀለለች። ኤልዳና ክንዷ እስኪዝል አወዛወዘች። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ።

ከታች የሚኖሩትን ጋሽ ሚልኪያስን አማከረቻቸው። ጋሽ ሚልኪያስ ጡረታ የወጡ የሊፍት መካኒክ ናቸው፤ በየስብሰባው እባብን በተመለከተ እጃቸውን የሚያወጡ ሰው ናቸው።

«የዶሮ መረቅ ቀቢው» አሏት።

«ቀባሁት።»

«እንደገና አሙቂው።»

«ጢሙ እስኪቃጠል አሞቅኩት፣ ጋሽ ሚልኪያስ።»

«እንግዲያው ብቻዋን ተዪያት፤ ሰው ፊት መብላት የሚያፍሩ አሉ።»

«የእርስዎስ ይበላል?»

«የኔማ?» ጋሽ ሚልኪያስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «የኔ ጠረጴዛውንም ቢያገኝ አይምርም።»

ለምዘና የመጣችው ባለሙያ የሺመቤት ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን አሮጌ ስሞች ተመልሰው የወጣት ስም ሆነዋል፤ ሶልያናና ኤልዳና የሚባሉት ደግሞ በመነጽር የሚያዩት ናቸው። የሺመቤት ትህትናን በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ሚዛኑ ላይ ሰቀለቻት፤ ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

«እትዬ ኤልዳና፣ ቀንሳለች።»

«አልበላም አለች። አዲሶቹን አይጦች አልወደደቻቸውም።»

«የሌላ ሰው እባብ እኮ እየበላ ነው። በዚህ ሕንፃ እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም።»

«እናቴ ዓርብ ሐኪም ቤት አላት። ያለ ሊፍት እንዴት አድርጌ አወርዳታለሁ?»

የሺመቤት ወደ እማማ ሶልያና አየት አደረገችና ዓይኗን ወደ ሚዛኑ መለሰች። «እኔ የምመዝነው ብቻ ነው። ሊፍቱ የሚዘጋው በራሱ ነው።»

እማማ ሶልያና ከሶፋው ሆነው «ሻይ ጠጪ እንጂ ልጄ» አሏት። የሺመቤት አመሰገነች፤ ግን አልጠጣችም። ወጥታ በሩ ሲዘጋ፣ እሷ በሊፍት ስትወርድ ሰሟት።

ዓርብ ጠዋት ሊፍቱ ፊት ቆሙ። «እንደምን አደሩ፣ እማማ ሶልያና» አለ ሊፍቱ፣ ሁልጊዜ በሚናገርበት በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፅ። «ደረጃው በስተቀኝዎ ነው። መልካም እንቅስቃሴ።»

ኤልዳና የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ ጋሽ ሚልኪያስን ጠራቻቸው። ሰውየው ምንም ሳይጠይቁ ጃኬታቸውን አውልቀው መጡ። እማማን አስቀምጠው፣ እሷ ከፊት እሳቸው ከኋላ ይዘው መውረድ ጀመሩ። ኤልዳና ደረጃው ባዶ ይሆናል ብላ ነበር፤ ለዓመታት ማንም አልረገጠውም። አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሙሉ ሱፍ የለበሰና ከረባት ያሰረ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ አገኙት።

«ለስፖርት ነው» አለ፣ ሳይጠየቅ።

አሥራ አምስተኛው ላይ ባለተረከዝ ጫማዋን በእጇ ያንጠለጠለች ሴት ባዶ እግሯን ትወርድ ነበር። እሷም «ሐኪም አዞኝ ነው» አለችና ፈገግ አለች። ከእሷ በታች ሁለት የምግብ ዘይት ጀሪካን የያዘ ሰው፣ ከእሱ በታች ደግሞ ከሱቅ የምትመለሰው ኢክራም ነበሩ። ኢክራም አሥራ አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ አራት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ፊቷ በላብ ርሷል። «ደረጃ ለልብ ጥሩ ነው ይላሉ» አለች።

እማማ ሶልያና «አስቀምጡኝ» አሉ።

ወንበሩን ማረፊያው ላይ አስቀመጡት። እማማ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ከላይም ከታችም ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ስፖርተኛ ነው፤ ሁሉም ያልበዋል።

«የኛ ትህትና አልበላም ብላ ሊፍት ተዘግቶብን ነው» አሉ። «እኔ ኩላሊቴን ልታጠብ ነው የምሄደው። የናንተዎቹ ይበላሉ?»

የባንኩ ሰው ከረባቱን አስተካከለ።

ኢክራም ዕቃዋን መሬት ላይ አኖረች። «የኔ አፉንም አልከፈተ» አለች። «ልጆቼ ለማንም እንዳይናገሩ አስምዬአቸዋለሁ። የኛ ቤት ብቻ መስሎኝ።»

«የኛም» አለች ባለጫማዋ።

ባለዘይቱ «እኔ ገና ዛሬ ነው የተዘጋብኝ» አለ፤ ይህ እንደ ትልቅ ልዩነት ተቆጥሮለት ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ።

ኤልዳና ወደ ጋሽ ሚልኪያስ ዞረች። ሽማግሌው የወንበሩን መደገፊያ እያዩ «ጠረጴዛውን ቢያገኝ ይበላል ነው ያልኩሽ» አሉ። «አይጥ ይበላል አላልኩም።»

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ ወረደ። የባንኩ ሰው ኮቱን በትከሻው ጥሎ አንዱን እግር ያዘ፤ ኢክራም የእማማን ነጠላ እንዳይረገጥ ሰብስባ ይዛ ከፊት ወረደች። ሐኪም ቤት የደረሱት ዘግይተው ነው፤ ነርሷ ተቆጣች፤ ቢሆንም ማሽኑ ላይ አስተኛቻቸው። ኤልዳና አጠገባቸው ተቀምጣ የእናቷ ደም በቱቦው ሲሄድና ሲመለስ እያየች፣ ሰኞንና ከሰኞ በኋላ ያለውን ዓርብ አሰበች። መውረዱ ተችሏል። መውጣቱ ግን አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሊፍቱ ፊት ሲደርሱ ለስላሳዋ ድምፅ «እንደምን ዋሉ፣ እማማ ሶልያና» ብላ ደረጃውን ጠቆመቻቸው። እማማ ቀና ብለው አዩአትና ወንበራቸውን በሯ ሥር አስደገፉ።

«እዚሁ ነኝ» አሉ።

«እማዬ፣ ጎረቤት እንለምንና እንሞክር።»

«ደክሞኛል፣ ልጄ። እጥበት ወጥቼ ደግሞ በሰው ትከሻ ተራራ አልወጣም። ያቺ ልጅ ትምጣና ታነጋግረኝ።»

ጥበቃው ወደ የሺመቤት ደወለ። ወሬው እሷን ቀድሞ ላይኞቹ ፎቆች ደረሰ። እስክትመጣ ድረስ ስፖርተኞቹ ሁሉ ወረዱ፤ ጋሽ ሚልኪያስ «ራሷ ታብላቸው» ባሉት መሠረት እባቦቻቸውን ይዘው ነበር። በቅርጫት፣ በቴሌቪዥን ካርቶን፣ በልብስ ሻንጣ ተደርገው የሕንፃውን መግቢያ ሞሉት። የከሱ ነበሩ። ማንም ከማንም እባብ ዓይኑን አላሸሸም፤ ለብዙ ሳምንታት ሲደባበቁት የነበረው ነገር ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

የሺመቤት በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ምሳ ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ።

ኤልዳና መቆንጠጫውን ሰጠቻት። ሳፋው፣ ፌስታሉና ጥቁሩ ፎጣ በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅተው ነበር።

«እኔ የሠለጠንኩት ለምዘና ነው» አለች የሺመቤት። «አብልቼ አላውቅም።»

«አሳይሻለሁ» አለቻት ኤልዳና። በድምጿ ቁጣ አልነበረም። «ሆዱን ጫን በይው። አልጎረበጠም? ጥሩ። አሁን አድርቂው። ጭንቅላቱን አሙቂ፤ አታስጠጊው። ከወገቡ ያዢ። እጅሽን አታንቀጥቅጪ፤ ወይም አንቀጥቅጪ፣ ይሻላል፤ በሕይወት ያለ ይመስላል።»

የሺመቤት ለትህትና ሰጠቻት። ትህትና ፊቷን አዞረች። ለኢክራም ዘንዶ ሰጠችው፤ ጭንቅላቱን ከጥቅሉ ሥር ደበቀ። የባንኩ ሰው ሻንጣ ተከፈተ፤ ከውስጥ የወጣ የለም። በየመሀሉ ማድረቂያው ሲጮህ፣ አንድ ሽታ በመግቢያው ውስጥ እየተስፋፋ ሄደ። ኤልዳና ቀና ስትል ባለጫማዋ ምራቋን ስትውጥ አየቻት። ከዚያ የአንድ ሰው ሆድ ጮኸ። ጾመኛ ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ጋሽ ሚልኪያስ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሰንጢ አውጥተው ለየሺመቤት ዘረጉላት። ልጅቷ ሰንጢውን አየች፤ አይጡን አየች። ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ሆዱን ሰነጠቀችው። ደም አልወጣም። አጥንትም አልነበረም። ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላቀቀ፤ ውስጡ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢጫ ነበር። በጣቷ ነክታ አሸተተችው።

«ሽሮ ነው» አለች።

ማንም አልሳቀም። እማማ ሶልያና ብቻ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «ጾም ነዋ» አሉ።

የሺመቤት በጥበቃው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማርቢያው ውስጥ አይጦቹ ታመው አልቀዋል የሚባል ወሬ ቢሮ ውስጥ ሰምታ እንደነበር፣ ማጣራቱ የእሷ ሥራ ስላልሆነ እንዳላጣራች ተናገረች። የሰሙትን ለማንም እንዳይናገሩ አልለመነቻቸውም። ይህን ኤልዳና ልብ አለች።

«እንግዲያው ይህንኑ ጻፊ» አለቻት። «ያየሽውን።»

«ብጽፍ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ እትዬ ኤልዳና። ኮሚቴው ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ናሙና ይወስዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ሊፍቱ እንደተዘጋ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በልተዋል ብዬ ብሞላ አሁኑኑ ይከፈታል። ክብደታቸውን የማስገባው እኔ ነኝ።»

«ውሸት ነው እኮ!»

«አዎ» አለች የሺመቤት።

ኤልዳና ሰዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው። የባንኩ ሰው እንደ ልማዱ ከረባቱን ሊነካ እጁን ቢያነሳም፣ ከረባቱን ፈትቶ የሻንጣውን ዚፕ አስሮበት ስለነበር እጁ ባዶ ደረቱ ላይ ቀረ። ኢክራም ወደ እማማ ሶልያና እያየች ነበር። ኤልዳናም ዞረች። የእናቷ ከንፈር ደርቋል፤ መርፌ የገባበት ክንዳቸው ጠቁሯል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ግን አልተኙም።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ አልጋዬን ነው የምለው» አሉ እማማ። «እውነቱን ከሰኞ በኋላ ድረሱበት። አሁን ትሙላላቸው።»

የሺመቤት ሞላች። ሊፍቱ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ተከፈተ። እማማ ከነወንበራቸው ገቡ፤ ትህትና በቅርጫቷ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። የቀሩት ተራቸውን ጠበቁ። ደረጃውን የወጣ አልነበረም።

ከሰኞ በኋላ ግን ማንም እውነቱ ላይ አልደረሰበትም። ሰኞ እጥበት ነበር፤ ዓርብም ነበር። በመሀሉ ጽሕፈት ቤቱ የኮዬን ውጤት አይቶ፣ የተሻሻለው አይጥ በመላ ከተማው እንዲዳረስ ወሰነ። ውሳኔውን ኤልዳና ቢሮዋ ውስጥ ሰማችው። ፊርማዋ የሌለበት ነገር የእሷ መሆኑ ከበዳት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ለእናቷ «በኛ ምክንያት የሌላ ሰው እናት ደረጃ ላይ ልትሆን ትችላለች» አለቻቸው። እማማ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «እንግዲያው ሰው እንዲሰማ እናድርግ» አሉ። «በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ።» ኢክራም እህቷ ላለችበት ማማ ነገረች። ባለጫማዋ ለጓደኞቿ፣ ጋሽ ሚልኪያስ ደግሞ ለቀድሞ መካኒኮች ነገሩ። በየመግቢያው አንድ ሰንጢ ወጣ። በየመግቢያውም አንድ ባለሙያ ተቀምጦ አስቦ «በልቷል» ብሎ ሞላ። ከተማው በዚህ መንገድ እውነቱን አወቀ፤ መዝገቡ ብቻ ሳያውቅ ቀረ።

እባቦቹ ግን በመዝገብ አይጠግቡም። መፍትሔውን ያገኘችው ኢክራም ናት። ዐቢይ ጾም ስለማይመለከታት፣ ረመዳንም ገና ስላልደረሰ እሷ ዶሮ ትገዛለች፤ አንገቱን፣ ክንፉንና የማይፈለገውን ሁሉ ለየቤቱ ማደል ጀመረች። ኤልዳና አንድ የዶሮ አንገት ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ በፀጉር ማድረቂያ አሙቃ፣ በመቆንጠጫ ዘረጋችላት። ትህትና ቀና አለች፤ ሳትወስን ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ተወረወረች። አጥብቃ ጠቀለለችው፤ አንገቷ ቀስ እያለ ሲሰፋና ሲጠብ ኤልዳና መሬት ላይ ተቀምጣ አየቻት። እንባዋ መጣ። ለእባብ ይለቀሳል ብላ አስባ አታውቅም።

የቀረው ጥያቄ አይጦቹ ነበሩ። ኮታው በየሳምንቱ ይመጣል፤ መመለስ አይቻልም፤ መጣል ደግሞ ያስከስሳል። እማማ ሶልያና አንድ ቀን አንዱን አይጥ ላጡት፣ በማንኪያ ቀመሱትና ድስት ጣዱ።

የሺመቤት በሚቀጥለው ምዘና የመጣችው ከቅዳሴ በኋላ፣ ጾመኞቹ ማዕድ በቀረቡበት ሰዓት ነው። ትህትናን መዘነች። ጨምራለች፤ በእውነትም ጨምራለች። ጥግ ላይ ያለውን የዶሮ አንገት አይታ እንዳላየች ሆነች። እማማ «ቁጭ በይ» ሲሏት ዛሬ እምቢ አላለችም። እጇን ታጥባ ቀረበች። ወጡ ቢጫና ወፍራም ነበር፤ ቃሪያ ተሰንጎበታል። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጎርሳ አላመጠች፤ ሁለተኛም ጎረሰች።

«ሊሸልሙኝ ነው» አለች፣ ሦስተኛውን ስትጠቀልል። «ለዓመታዊ በዓሉ መድረክ ላይ እንድናገር ኃላፊው አዞኛል። እባቦቹ የተሻሻለውን አይጥ እንዲለምዱ ምን ዘዴ እንደተጠቀምን ለሌሎች ላስረዳ ነው። ምን ልበላቸው፣ እማማ?»

እማማ ሶልያና ከድስቱ ጨለፍ አድርገው ጨመሩላት።

«ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ በያቸው» አሏት።